ማይሶር ቤተመንግሥት፦ በሠርግ ቀን የተቃጠለው ቤትና ከእሱ በኋላ የመጣው

ሰናይት ዘማይሶር (ክሩን፣ ማለትም ይህን ውይይት፣ የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሰሞን ስለ ታጅ ማሃል ስታወሩ ዝም ብዬ አነበብኩ። ታጅ ማሃል ያምራል፤ ክርክር የለኝም። ግን መቃብር ነው። እኔ ሰው ስለኖረበት፣ ስለተዳረበት፣ ተቃጥሎም ስለተሠራ ቤት ላውራችሁ።

ደቡብ ህንድ፣ ካርናታካ ግዛት፣ ማይሶር ከተማ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። ከተማዋ ዛሬ በይፋ ማይሱሩ ተብላለች፤ እኔ በለመድኩት ስም ልጥራት። ቤተመንግሥቱ ከምንኖርበት ዶርም በእግር ግማሽ ሰዓት ነው። እሁድ ማታ ያልሄድኩበት ሳምንት ጥቂት ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ያየው ሰው ሁሉ አራት አምስት መቶ ዓመት ያለፈው ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ነገሥታቱ በእርግጥ የጥንት ናቸው። ዎዴያሮች ይባላሉ፤ በልማድ ታሪካቸውን የሚጀምሩት ከ1399 ነው። ቦታውም የጥንት ነው። ቤቱ ግን ያለቀው በ1912 ነው።

ከዚያ በፊት የነበረውን አንዱን ቲፑ ሱልጣን በ1793 አፈረሰው። የቲፑ አባት ሃይደር አሊ የዎዴያሮች የጦር አዛዥ ነበር። ቀስ በቀስ ሥልጣኑን ጠቅልሎ ያዘና ነገሥታቱ በስም ብቻ ቀሩ። በ1799 ቲፑ ዋና ከተማው ስሪራንጋፓትና ላይ ከእንግሊዞች ጋር ሲዋጋ ሞተ። እንግሊዞች ከዎዴያር ቤተሰብ የአምስት ዓመት ልጅ አምጥተው አነገሡ። ሣልሳዊ ክሪሽናራጃ ነው። የሚነግሥበት ቤት አልነበረም፤ ዳስ ተጥሎለት ነው ዘውድ የደፋው። ከዚያ በጥድፊያ የእንጨት ቤተመንግሥት ተሠራለት፤ በ1803 አለቀ።

ያ የእንጨት ቤት ዘጠና ምናምን ዓመት ቆመ። በ1897 የካቲት ላይ ግን የትልቋ ልዕልት የጃያላክሻማኒ ሠርግ ሲደገስ እሳት ተነሳ። ቤቱ ነደደ።

የሙሽራዋ አባት ንጉሥ ቻማራጃ ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት ካልካታ ሄዶ እዚያው ሞቷል። አልጋ ወራሹ ገና 12 ዓመቱ ነው። አገሩን በሞግዚትነት የምትገዛው እናትየዋ ናት፤ ንግሥት ኬምፓናንጃማኒ። ባሏን ቀብራለች፣ ትንሽ ልጅ ይዛለች፣ ሴት ልጇን ስትድር ቤቷ ዓይኗ እያየ ተቃጠለ። እዚያው ዓመት አዲስ ቤት እንዲሠራ አዘዘች። ንድፉን ለማድራስ መንግሥት አርክቴክት ለነበረው ለሄንሪ ኧርዊን ሰጠች።

እኔን የሚይዘኝ ይሄ ነው። አዲስ ቦታ አልፈለገችም። አዲሱ ቤት የቆመው አሮጌው በነደደበት መሬት ላይ፣ የአሮጌውን አቀማመጥ ተከትሎ ነው። የተለወጠው ዕቃው ነው። በእንጨት ፋንታ ግራጫ ግራናይት፣ ጡብና ብረት ገባ። ሦስት ፎቅ ሆነ። በየማዕዘኑ ሮዝ መልክ ያላቸው የእምነበረድ ጉልላቶች ወጡ። መሃል ላይ አምስት ደረጃ ያለው ግንብ ቆመ፤ ቁመቱ 44 ሜትር ገደማ፣ አናቱ በወርቅ የተለበጠ። አስራ አምስት ዓመት ፈጀ። የወጣው ገንዘብ 4,147,913 ሩፒ ተብሎ እስከ መጨረሻዋ ሩፒ ተመዝግቧል።

ውስጡን ቀስ ብዬ እጽፋለሁ። እስከዚያ ያያችሁ ካላችሁ አውሩኝ።

አብይ ሲቪል

ሰናይት፣ ጥሩ ክር ከፈትሽ። ስለ ብረቱ ትንሽ ልጨምር፤ ሙያዬ ስለሆነ አላስችል አለኝ።

የሠርግ አዳራሹን አይተሻል መቼም። ካልያና ማንታፓ ይሉታል። ስምንት ማዕዘን ያለው፣ ጣራው ባለቀለም መስታወት የሆነው። ጣራውን የተሸከሙት ዓምዶች በቅርጽ ፈሶ የተሠራ ብረት ናቸው። የመጡት ከስኮትላንድ፣ ከግላስጎው ነው። ዋልተር ማክፋርሌን የሚባል ድርጅት ነበር፤ ዓምዱን፣ የደረጃውን ድጋፍ፣ የበረንዳውን ጌጥ እያፈሰሰ በመርከብ ወደ ዓለም ሁሉ ይልክ ነበር። የሚመጣው ተቆራርጦ ነው። እዚህ ሲደርስ በብሎን ይገጣጠማል። ዛሬ ተገጣጣሚ ግንባታ የምንለው ነገር ያን ጊዜም ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ላስተካክል። ብረት እሳት አይነካውም ማለት አይደለም። እንዲህ ዓይነቱ ብረት በጣም ከጋለ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ሊሰነጠቅ ይችላል። ጥቅሙ ሌላ ነው። እሳቱን አይመግብም። በእንጨት ቤት ዓምዱም፣ ወለሉም፣ ጣራውም፣ መጋረጃውም አንድ ላይ ማገዶ ነው። አንድ ጥግ ከተያያዘ በቃ። በድንጋይና በብረት ቤት እሳቱ የተነሳበት ክፍል ውስጥ የመቅረት ዕድል አለው። ልጇን ስትድር ቤቷ የነደደባት እናት የሠርጉን አዳራሽ በብረት ማሠራቷ በደንብ ይገባኛል።

ደረጀ ቦሌ

እኔ ትንሽ ልቃወም። በቅንነት ነው እንጂ ለክርክር አይደለም።

ማይሶርን አይቻለሁ። ያስደነግጣል፤ ግን ልቤን አልነካውም። ኢንዶ ሳራሰኒክ የሚባለው አሠራር እንግሊዞች ህንድን ሲገዙ ያመጡት ነው። የሙስሊም ጉልላት፣ የሂንዱ ዓምድ፣ የራጅፑት ሰገነት፣ የአውሮፓ ጎቲክ ግንብ፣ ሁሉን አንድ ላይ። እኛም የሙጋሎች (ከእነሱ በፊት ህንድን የገዙት የሙስሊም ነገሥታት) ወራሾች ነን ለማለት ለፍርድ ቤቱም፣ ለባቡር ጣቢያውም፣ ለመሥሪያ ቤቱም ተጠቀሙበት። ኧርዊንም ከዚህ በፊት ሺምላ ላይ የእንግሊዝ እንደራሴውን ቤት የሠራ ሰው ነው።

ከዚያ ይልቅ ፓድማናባፑራምን እዩ። እዚያው ደቡብ ህንድ ነው፤ የትራቫንኮር ነገሥታት መቀመጫ ነበር። አጀማመሩ ወደ 1600 አካባቢ ይደርሳል፤ ብዙው ክፍል በ18ኛው ክፍለ ዘመን በማርታንዳ ቫርማ ጊዜ የተሠራ ነው። ሁለመናው እንጨት ነው። ጣራው ለዝናቡ ብሎ በጣም የተዳፋ። ወለሉ ደግሞ ጥቁር ሆኖ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። የኮኮናት ቅርፊት ከሰል፣ ኖራና የእንቁላል ነጭ አዋህደው ነው የሚሠሩት ይባላል። እሱ ቤት እስካሁን ቆሟል። እንጨት ስለሆነ ብቻ ቤት አይጠፋም ለማለት ነው።

ሰናይት ዘማይሶር

ደረጀ፣ ፓድማናባፑራምን ስላነሳህ ደስ ብሎኛል። እሱን ለማየት ረጅም መንገድ በአውቶብስ ተጉዣለሁ፤ ወለሉ ላይ ስረግጥ ውሃ ላይ የምረግጥ መስሎኝ ነበር። ከማይሶር የበለጠ የመሬቱ ልጅ ነው። እዚህ ላይ እስማማለሁ።

ግን ማይሶርን ሙሉ በሙሉ ለእንግሊዝ አትስጥብኝ። ኧርዊን ንድፉን ቢሰጥም ሥራውን በቅርብ የመራው ራጋቫሉ ናይዱ የሚባል የቤተመንግሥቱ መሐንዲስ ነው። ሥራው ሳይጀመር ዴልሂን፣ ማድራስንና ካልካታን ዞሮ ሕንፃዎችን አጥንቷል። ያ የመስታወት ጣራ ግላስጎው ቢሠራም ላዩ ላይ ያሉት ጣዎሶች የማይሶር ሠዓሊዎች ንድፍ ናቸው። የአምባ ቪላሳ አዳራሽ ውስጥ ነጩ እምነበረድ ውስጥ ባለቀለም ድንጋይ እየተገጠመ የተሠሩት አበቦች ታጅ ማሃል ላይ የምታውቀው ጥበብ ናቸው። የዝሆን ጥርስ የገባበት የሮዝዉድ በር አለ፤ እሱ የማይሶር የራሱ ሙያ ነው። ዛሬም ከተማው ውስጥ እንጨት በእንጨት ውስጥ እየገጠሙ የሚያስጌጡ ባለሙያዎች አሉ፤ የዝሆን ጥርሱ ግን በሕግ ቀርቷል።

አቀማመጡን ደግሞ እይ። የቤቱ ልብ አዳራሹ ሳይሆን ሰማይ የሚያየው ግቢ ነው። ክፍሎቹ ዙሪያውን ይከቡታል። ሴቶቹ ላይኛው ፎቅ ሆነው ሥርዓቱን የሚያዩበት ሰገነት አለ። በአጥሩ ውስጥ ደግሞ ከአስር በላይ ቤተ መቅደሶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ከቤተመንግሥቱ በብዙ መቶ ዓመት ይበልጣሉ። ይሄ የእንግሊዝ እንደራሴ ቤት አይደለም። አሮጌው የእንጨት ቤት አዲስ ልብስ ለብሶ ነው።

ደረጀ ቦሌ

የናይዱን ነገር አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ። ስለ ጎቲኩ ግን አልለቅም፤ ያ የመሃል ግንብ ቤተ ክርስቲያን ያስመስለዋል።

ሮዛ ባንጋሎር

ሰላም። እኔ ባንጋሎር ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። እስካሁን ማይሶር አልሄድኩም፤ በዚህ ክር ምክንያት ልሄድ ነው። እሁድ ብሄድ ይሻላል? ስንት ሰዓት ይበቃል? ዳሳራ የሚባለው በዓል ላይ ካልሆነ አትሂጂ ያሉኝም አሉ።

ሰናይት ዘማይሶር

ሮዚ፣ እሁድ ሂጂ። በባቡር ወደ 140 ኪሎ ሜትር ናት፤ ጠዋት ተነስተሽ ለምሳ ሳትራቢ ትደርሻለሽ። ውስጡን ለማየት ሁለት ሰዓት ያስፈልግሻል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ በባዶ እግር ነው የሚዞረው። ካልሲ ከፈለግሽ ያዢ፣ ግን እኔ ባዶ እግር ይሻላል ባይ ነኝ። ወለሉ ከክፍል ክፍል ይለያያል፤ ንጣፉ፣ እምነበረዱ፣ ድንጋዩ በእግርሽ ይታወቅሻል።

ከዚያ ውጪና ሻይ ጠጪ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ተመልሰሽ ምሥራቁ በር ፊት ቁሚ። እሁድና በበዓላት ወደ 100,000 የሚጠጉ አምፖሎች በአንዴ ይበራሉ። ቀስ እያለ አይደለም። ጨለማ ነው፣ ከዚያ ቤቱ አለ። ሕዝቡ ሁሉ አንድ ላይ ይጮሃል። ሁለት ዓመት ሙሉ አልሰለቸኝም።

ዳሳራ አስር ቀን ነው፤ ሴፕቴምበር ወይም ኦክቶበር ላይ ይውላል። የዎዴያሮቹ ዳሳራ በ1610 ስሪራንጋፓትና ላይ የተጀመረ ነው። በመጨረሻው ቀን ዝሆኖቹ ተሸልመው ከቤተመንግሥቱ ይወጣሉ። ፊት መሪው ዝሆን ጀርባው ላይ አምባሪ የሚባለውን የወርቅ መቀመጫ ይሸከማል፤ 750 ኪሎ ይመዝናል። ድሮ ንጉሡ ራሱ ነበር የሚቀመጥበት። አሁን የምትቀመጥበት የቻሙንዴሽዋሪ አምላክ ምስል ናት፤ ከከተማው በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ቤተ መቅደሷ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ዳሳራ ላይ አትሂጂ። ሰው በሰው ላይ ነው፤ ቤቱን አታይውም።

ጋሽ ገብሬ

ልጆች፣ ጥሩ ጨዋታ ነው የያዛችሁት። እኔ የጎንደር ሰው ነኝ። የፋሲልን ግንብ ህንዶች ናቸው የሠሩት ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፤ አይ ፖርቱጋሎች ናቸው የሚልም አለ። ከዚህ ከማይሶሩ ጋር የሚያገናኘው ነገር ይኖር ይሆን? ደግሞስ ህንድ አገር ሐበሾች ነግሠው ነበር የሚባለው እዚያ አካባቢ ነው?

አብይ ሲቪል

ጋሽ ገብሬ፣ ስለ ጎንደሩ የማውቀውን ልንገርዎት። በ1648 አል ሃይሚ የሚባል የየመን መልእክተኛ አፄ ፋሲል ዘንድ መጥቶ ነበር። የጉዞ ማስታወሻ ጽፎ ትቷል። ግንቡን አድንቆ፣ ዋናው ግንበኛ ህንዳዊ እንደሆነ ጽፏል። ፖርቱጋሎች የሚለውን ታሪክ የሚያነሳ ሰው ይሄንንም ቢያነበው ጥሩ ነው። በዘመን ቅርብ የሆነ ምስክር ነው። ማይሶር ግን ከፋሲል ግንብ 250 ዓመት በላይ ዘግይቶ የመጣ ነው፤ በቀጥታ አይገናኙም።

ሰናይት ዘማይሶር

ሁለተኛውን ጥያቄዎን እኔ ልመልስ ጋሼ። ሐበሾቹ የገነኑት ከማይሶር ሰሜን፣ ደካን በሚባለው ደጋ ነው። ማሊክ አምበር ከኢትዮጵያ በባርነት ተሽጦ ሄዶ የአህመድናጋር መንግሥት መሪ የሆነው ሰው ነው፤ በ1626 ሞተ። ሙጋሎችን ለዓመታት እንቅልፍ ነስቷቸዋል። ዛሬ ማይሶር ያለችበት ካርናታካ ውስጥ ደግሞ ቢጃፑር አለች። እዚያም ኢክላስ ካን የሚባል ሐበሻ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዋና ሹም ነበር። ጌታው ሱልጣን መሐመድ አዲል ሻህ ነው፤ ጎል ጉምባዝ የሚባለው በጣም ግዙፍ ጉልላት ያለው መቃብር የእሱ ነው።

ካርናታካ ጫካ አካባቢ ሲዲ የሚባሉ፣ ዘራቸው ከአፍሪካ የሆነ ሰዎች ዛሬም ይኖራሉ። መልካቸውን ሳይ ቆሜ ቀርቻለሁ። ቋንቋችን አይገጥምም፤ እነሱ የሚናገሩት የአካባቢውን ነው። ማይሶር ቤተመንግሥት ውስጥ ግን የሐበሻ እጅ አለ ብዬ አልዋሽዎትም።

ጋሽ ገብሬ

እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። አልዋሽም ያልሽው ይበልጥ ደስ አለኝ።

ህይወት ነኝ

እኔ የያዘችኝ ንግሥቲቱ ናት። የሚገርመው ቤተመንግሥቱ ላይ ብቻ አላተኮረችም። በእሷ ሞግዚትነት ጊዜ ነው ካቬሪ ወንዝ ላይ፣ ሺቫናሳሙድራ ፏፏቴ አጠገብ የመብራት ኃይል ማመንጫ የተጀመረው። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሴሻድሪ አየር ነው ነገሩን የገፋው። በ1902 ሥራ ጀመረ። ኃይሉ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በሽቦ ተጉዞ ኮላር ወደሚባለው የወርቅ ማዕድን ይሄድ ነበር። በዚያ ዘመን እስያ ውስጥ ብርቅ ነው። ማይሶር ከተማም ጥቂት ዓመት ቆይታ መብራት አገኘች። እና ሰናይት ስለ አምፖሎቹ ስትጽፍ እሷ ትዝ አለችኝ።

በ1902 ልጇ (እሱም ስሙ ክሪሽናራጃ ነው) 18 ሞላውና ሥልጣኑን አስረከበችው። ቤቱ ገና አላለቀም ነበር። ዘውድ የጫነው ጃጋንሞሃን የሚባለው ትንሹ ቤተመንግሥት ውስጥ ነው። ያኛው ትንሹ ክሪሽናራጃ ዳስ ውስጥ፣ ይሄኛው ክሪሽናራጃ በሌላ ቤት። ሁለቱም ቤተመንግሥታቸው ሳይደርስ ነው የነገሡት።

ደረጀ ቦሌ

ህይወት፣ ይሄን ልብ አላልኩትም። ስለ እርግማኑስ? እዚያ በነበርኩ ጊዜ አስጎብኚው ከቤቱ ይልቅ እሱን ነበር ያወራን።

ህይወት ነኝ

አዎ፣ የአላሜላማ እርግማን። በ1610 ራጃ ዎዴያር ስሪራንጋፓትናን ሲይዝ የቀድሞው ገዢ ሚስት ጌጧን አምጪ ተብላ ተሳደደች ይላል አፈ ታሪኩ። ካቬሪ ውስጥ ከመዝለሏ በፊት ተራገመች። ታላካዱ አሸዋ ይሁን፣ ማላንጊ (ካቬሪ ዳር ያለ ቦታ ነው) አዙሪት ይሁን፣ የማይሶር ነገሥታት ልጅ አይውለዱ አለች።

ታላካዱ በእርግጥ አሸዋ የዋጣት ከተማ ናት፤ ቤተ መቅደሶቿን ዛሬም ከአሸዋ እየቆፈሩ ነው የሚያወጧቸው። የወራሽ ነገርም በቤቱ ብዙ ጊዜ ችግር ሆኗል። ያ በዳስ የነገሠው ንጉሥ የጉዲፈቻ ልጅ ነው ያወረሰው። አዲሱ ቤት የተሠራለት ልጅም ሳይወልድ ሞቶ የወንድሙ ልጅ ወረሰ። በ2013 የሞተው የቤተሰቡ ራስም ልጅ አልነበረውም፤ ሚስቱ በ2015 ያዱቪርን በጉዲፈቻ ወሰደች። እሱ ግን በ2017 ወንድ ልጅ ወለደ። ከተማው ውስጥ እርግማኑ ተፈታ ያሉ ብዙ ናቸው።

እኔ በእርግማኑ አላምንም። ግን አራት መቶ ዓመት ሙሉ አንዲት የተሸነፈች ሴት ከአሸናፊው ስም እኩል ስሟ ሲነሳ መኖሩ ያሳዝነኛልም፣ ደስም ይለኛል።

አብይ ሲቪል

ሰናይት፣ ውስጡን እጽፋለሁ ብለሽ ነበር። ዕዳ አለብሽ።

ሰናይት ዘማይሶር

ልክ ነህ። ሁሉን አልጽፍም፤ አንዱን ብቻ።

የሠርጉን አዳራሽ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕሎች ሞልተውታል። የዳሳራ ሰልፍ ነው። ፈረሰኛው፣ ባንዱ፣ ዝሆኑ፣ ከበስተኋላ ያሉት ቤቶች፣ በየሰገነቱ የተንጠለጠለው ሕዝብ። የማይሶር ሠዓሊዎች ከእውነተኛ ፎቶግራፍ እያዩ ነው የሠሯቸው፤ በ1930ዎቹና 1940ዎቹ የነበረውን ሰልፍ ነው የሚያሳዩት። ስለዚህ ፊቶቹ የምናብ ፊቶች አይደሉም። ወታደሩ እውነተኛ ወታደር ነው፤ ሹሙ እውነተኛ ሹም ነው። ሌላ ቦታ ግድግዳ ላይ የሚሣለው አምላክና ንጉሥ ነው። እዚህ ግን አጃቢውም፣ ተመልካቹም አለ። ጎብኚው አንገቱን ቀና አድርጎ የመስታወቱን ጣዎስ ሲያይ ሥዕሎቹን ያልፋቸዋል። ሮዚ፣ አንቺ እንዳታልፊያቸው።

ሮዛ ባንጋሎር

ተመለስኩ! ትናንት እሁድ ሄድኩ። እንዳልሽው አደረግሁ፤ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ካልሲም አላደረግሁም።

ጣራው ሥር ስደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሰማያዊውና አረንጓዴው ወለሉ ላይ ወርዶ እግሬ ላይ አረፈ። ወለሉም ላይ ጣዎስ አለ፤ ይሄን አልነገርሽኝም። ግንቡን ከውጭ ሳየው ደረጀ ያለው ትዝ ብሎኝ ትንሽ ፈገግ አልኩ፤ እውነትም ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ይመስላል።

ከዚያ ወደ ሥዕሎቹ ሄድኩ። አጠገቤ አንድ አባት ትንሽ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ቆሟል። ዝሆኑን አላሳየውም። ከዝሆኑ ኋላ ያለውን መንገድ በጣቱ እያሳየ ያወራዋል። ምን እያልከው ነው ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅሁት። ይሄ ሳያጂ ራኦ መንገድ ነው፣ ሱቃችን እዚህ ጋ ነው እያልኩት ነው አለኝ። ልጁ ግን ሱቁን ሥዕሉ ውስጥ ፈልጎ አጣውና ማልቀስ ጀመረ።